ሄርማን ሄልምሆልትስ፤ ወፍራሙን ድምፅ በባዶ ዕቃ የያዙት ሊቅ

በቤቱ ተቀምጦ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ይኸውም ማሲንቆውና ዋሽንቱ ጥርት ብለው ሲሰሙት፥ ቤዝ የሚባለው ወፍራም ድምፅ ግን በአንዱ ማዕዘን እንደ ነጐድጓድ ያስገመግማል፤ በሌላው ሥፍራ ደግሞ ጨርሶ የጠፋ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ያላክክና ከፊተኛው የሚበልጥ ድምፅ ማጉያ ሊገዛ ይነሣል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በደለኛው መሣሪያው ሳይሆን ክፍሉ ራሱ ነው። ይህን ችግር ለማቃለል ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ የተገኘው ካረፉ ከ130 ዓመት በላይ ከሆናቸው ከአንድ ሐኪም ጥናት ነው። እኛም በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የእኚህን ሰው የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን።

ሄርማን ሄልምሆልትስ በጀርመን አገር፥ በፖትስዳም ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 31 ቀን 1821 ተወለዱ። አባታቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ሄልምሆልትስ በልጅነታቸው ሕመም የሚያዘወትራቸው፥ እርስ በርሱ ያልተያያዘ ነገር በቃል ማጥናትም የሚከብዳቸው ነበሩ። የፊዚክስ ፍቅር ግን ገና በተማሪነታቸው በልባቸው አድሮ ነበር።

ዳሩ ግን የመምህር ደመወዝ ልጅን ፊዚክስ ለማስተማር አልበቃም። መንግሥት ደግሞ የሠራዊት ሐኪም ለመሆን ለሚዋዋሉ ወጣቶች የሕክምና ትምህርት በነጻ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ በ1838 ወደ በርሊን ሄደው፥ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ ለ8 ዓመት ሊያገለግሉ ተዋውለው ሕክምና ጀመሩ። የተመኙትን የትምህርት ክፍል አጥተው ሌላ የሚደርሳቸው ወጣቶች ዛሬም በመካከላችን አሉና ይህ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። ሄልምሆልትስ ግን በዕድላቸው አላማረሩም። በ1841 በተስቦ በሽታ ታመው ሆስፒታል በነጻ ሲታከሙ፥ በዚያው ጊዜ የተጠራቀመላቸውን ገንዘብ ማይክሮስኮፕ ገዙበት። ከ1843 ጀምሮም በፖትስዳም የሠራዊት ሐኪም ሆነው ሲያገለግሉ፥ እዚያው በጦር ሠፈሩ ውስጥ ትንሽ ቤተ ሙከራ አቋቁመው የጡንቻን ሥራና ሙቀት ይመረምሩ ነበር።

ከዚህም ምርምር በ1847 ታላቅ ፍሬ ተገኘ። ኃይል መልኩን ይለውጣል እንጂ ከቶ አይጠፋም የሚለውን ሕግ በሒሳብ አስደግፈው በበርሊን ለሊቃውንት ማኅበር ሲያነቡ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበሩ። የታወቀው የሳይንስ መጽሔት ጽሑፉን አልቀበልም ስላለ በትንሽ መጽሐፍ መልክ አሳተሙት። በ1848 በታላቁ ሊቅ በአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት አማላጅነት ውላቸው ሳያልቅ ከሠራዊቱ ተሰናበቱ፤ በ1849ም በኬኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። እዚያም በነርቭ ውስጥ የሚያልፈው መልእክት ምን ያህል እንደሚፈጥን በእንቁራሪት ነርቭ ለኩ። የሕያው ሰው ዐይን ውስጡ የሚታይበትንም መሣሪያ ሠርተው በ1851 አስታወቁ፤ የዐይን ሐኪሞች ከዚያ የመነጨውን መሣሪያ እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

ከዐይን ቀጥሎ ሐሳባቸው ወደ ጆሮ ዞረ። በቦን፥ በኋላም በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ፥ ከብዙ ድምፆች ድብልቅ ውስጥ አንዱን ብቻ ለይቶ ለመስማት ከብርጭቆና ከናስ የተሠሩ ድቡልቡል ባዶ ዕቃዎች አዘጋጁ። እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት አፍ ነበረው፤ አንደኛው ድምፅ ይቀበላል፥ ሁለተኛው በሰም ታሽጎ ጆሮ ውስጥ ይገባል። ዕቃው ከራሱ ቃና ጋር የሚስማማ ድምፅ ሲመጣ ያስተጋባል፤ ሌላውን ግን ያደክመዋል። ይህን ሁሉ በ1863 ባሳተሙት ስለ ድምፅ ስሜት በሚናገረው ትልቅ መጽሐፋቸው ገለጹት።

የነገሩ ምሥጢር ቀላል ነው። በአንገቱ ያለው አየር እንደ ክብደት፥ በሆዱ ያለው አየር እንደ ሞላ ሆነው አብረው ይርገበገባሉ። ማንኛችንም በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ በመንፋት ልንፈትነው እንችላለን። ውኃ ስንጨምርበት ሆዱ ይጠብና ድምፁ ይቀጥናል፤ ውኃውን ስናፈስ ሆዱ ይሰፋና ድምፁ ይወፍራል።

እንግዲህ ወደ ክፍላችን እንመለስ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሴኮንድ 34 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የአንዱ ማዕበል ርዝመት 10 ሜትር ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ይህ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደራረባል፤ በግድግዳዎቹ አጠገብ ይበረታል፥ በመካከል ግን ይጠፋል። ስለዚህ ወንበርን ከግድግዳው ማራቅ፥ ነገር ግን ልክ በክፍሉ መካከል አለማድረግ ያለ ወጪ የሚሠራ መድኃኒት ነው። መጋረጃና ስስ ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ይህን የመሰለውን ረጅም ማዕበል አይዙትም።

የሄልምሆልትስ ዕቃ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ከእሳቸው በኋላ የተነሡ መሐንዲሶች አፉ ጠባብ የሆነ ሣጥን፥ ወይም ፊቱ የተበሳሳ ጣውላ ሆኖ ከኋላው ባዶ ቦታ የተተወለት ሣጥን ሠርተው፥ ከቀዳዳው ዘንድ ጥጥ መሰል ነገር አድርገው ወፍራሙ ድምፅ በሚከማችበት ማዕዘን ያቆሙታል። የሣጥኑ ቃና ከሚያስቸግረው ድምፅ ጋር ከተስማማ በአንገቱ ያለው አየር በብርቱ ይርገበገባል፤ ከጥጡም ጋር ሲፋተግ የድምፁ ኃይል ወደ ጥቂት ሙቀት ይለወጣል። አንድ ሣጥን የሚይዘው ለእሱ ከተመጠነው ድምፅ ብዙ ያልራቀውን ብቻ ስለሆነ፥ አስቀድሞ የትኛው ድምፅ እንደሚያስቸግር ማወቅ ያስፈልጋል። አስተውሉ፤ በ1847 በወጣቱ ሐኪም የተጻፈው የኃይል ሕግና በ1863 የታተመው የባዶው ዕቃ ነገር በአንድ ክፍል ማዕዘን ተገናኙ። ድምፁ ጠፋ እንላለን እንጂ ኃይሉ አልጠፋም፤ መልኩን ለወጠ።

ሄልምሆልትስ በ1871 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሆኑ። ከሕክምና ተነሥተው በልጅነት የተመኙት ሥራ ላይ የደረሱት በ50 ዓመታቸው ገደማ መሆኑ ነው። የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ያረጋገጠው ሄንሪክ ኸርትስ ተማሪያቸው ነበር፤ እሱም በወጣትነቱ ከመምህሩ ጥቂት ወራት ቀድሞ ሞተ። ሄልምሆልትስ በሴፕቴምበር 8 ቀን 1894 በ73 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከእሳቸው ሕይወት የምንማረው ነገር አለ። የተመኘነው በር ቢዘጋ በተከፈተልን በር ገብተን በትጋት ብንሠራ፥ ያገኘነው ዕውቀት አንዱም በከንቱ አይቀርም። ደግሞም ክፍሉ ሲያስገመግም የሚበልጥ መሣሪያ ለመግዛት ከመቸኰላችን በፊት ዝም ብለን አየሩን እናዳምጥ።