የሻምበል አበበ ቢቂላ የሩጫ ዘመን እና የማብቂያው ጥያቄ

ሻምበል አበበ ቢቂላ በይበልጥ የሚታወሰው በሁለት ነገሮች ነው፤ በሮም በባዶ እግሩ ባገኘው ድል እና በሸኖ አቅራቢያ በደረሰበት የመኪና አደጋ። በሁለቱ መካከል ያለው ዘመን እንደ አንድ ያልተቋረጠ ድል ስለሚተረክ፣ ሩጫውን ያስቆመው አደጋው ተደርጎ ይወሰዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የውድድሮቹን ቅደም ተከተል መሠረት በማድረግ ይህን ግንዛቤ መፈተሽ ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በመንዲዳ አቅራቢያ ጃቶ በተባለች የሸዋ መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ፤ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እየተመራም ለኦሎምፒክ በቃ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ፈጽሞ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ። በዚህም የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሯጭ ሆነ።

በዘመኑ ሁሉ የተወዳደረባቸው ማራቶኖች 16 ብቻ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ በሮጠው የመጀመሪያው ማራቶን 2ኛ ወጣ፤ በ12 ውድድሮች አሸነፈ፤ በ1955 ዓ.ም. በቦስተን 5ኛ ሆነ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ግን አልፈጸመም። በ1959 ዓ.ም. በስፔን ዛራውትስ እግሩ ተጎድቶ አቋረጠ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ ጉዳቱ አላስቻለውምና መንገዱን ሳያጋምስ ወጣ፤ ውድድሩንም የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አሸነፈ። የመኪናው አደጋ የደረሰው ከዚህ አምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ የውድድር መዝገቡ እንደሚያሳየው፣ የአበበ የሩጫ ዘመን መዳከም የጀመረው አደጋው ከመድረሱ ሃያ ወር ገደማ አስቀድሞ፣ በእግር ጉዳት ነው። አደጋው ወደ ሩጫ የመመለስ ተስፋውን ዘጋ እንጂ የአሸናፊነት ዘመኑን አላቋረጠም። ከስፖርትም ጨርሶ አላራቀውም፤ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታዎች በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

የእግር ጉዳቱን እና አደጋውን ለይቶ ማየት የአበበን ክብር አይቀንስም። ይልቁንም የሁለት ዓመት የጉዳት ትግሉን እና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የቀጠለውን የስፖርት ሕይወት በታሪኩ ውስጥ ተገቢ ስፍራቸውን ይሰጣቸዋል።