የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማች ያነሱት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1957 በኒው ዴልሂ በሚገኘው የሕንድ ፓርላማ አንድ የገዥው ፓርቲ አባል ማስረጃዎቻቸውን ይዘው ለመናገር ተነሱ። የሚሞግቱት የተቃዋሚ ወገን ሰው አልነበረም፤ የራሳቸውን ፓርቲ የገንዘብ ሚኒስትር ነበር። የመንግሥቱ መሪ ጃዋሃርላል ኔህሩ ደግሞ የሚስታቸው አባት ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

እኚህ የምክር ቤት አባል ፌሮዝ ጋንዲ ይባላሉ። ብዙዎቻችን ስማቸውን ሰምተን ከሆነ የሰማነው የኢንድራ ጋንዲ ባል፣ የራጂቭ ጋንዲ አባት እየተባለ ነው። ከማሕተመ ጋንዲ ጋር የሚዛመዱ የሚመስለውም ጥቂት አይደለም። ዝምድና የላቸውም። ኢንድራ ጋንዲ የተባሉትም በባላቸው ስም ነው። ነገር ግን ፌሮዝ በቤተሰባቸው ብቻ መታወቅ የሌለባቸው ሰው ናቸው። የሕዝብ ተወካይ ሚኒስትርን እንዴት መጠየቅ እንዳለበት ለመማር የሚፈልግ ሰው የእኚህን ሰው ታሪክ ቢያነብ ብዙ ያተርፋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፌሮዝ የተወለዱት በሴፕቴምበር 1912 ቦምቤይ ውስጥ ነው። ቤተሰባቸው ከጥንት ዘመን ጀምሮ ከፋርስ ወደ ሕንድ ከተሰደዱትና የዞራስተር እምነት ተከታይ ከሆኑት ፓርሲዎች ወገን ነው። አባታቸው የመርከብ መሐንዲስ ነበሩ። አባታቸው ሲሞቱ እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ሰሜን ሕንድ ወዳለችው አላሃባድ ሄዱ። እዚያ የሴቶች ሆስፒታል ሐኪም የነበሩ አክስት ነበሯቸው። አላሃባድ የኔህሩ ቤተሰብ ከተማ፣ የነፃነት ትግሉም አንዱ ማዕከል ነበረች።

በ1930 ፌሮዝ የኮሌጅ ተማሪ ሳሉ የኔህሩ ባለቤት ካማላ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው በኮሌጁ ደጃፍ የተቃውሞ ሰልፍ ያካሂዱ ነበር። ካማላ ጤናቸው ደካማ ነበርና ፀሐዩ ጸንቶባቸው ራሳቸውን ሳቱ። ከረዷቸው ተማሪዎች አንዱ ፌሮዝ ነበሩ። ወዲያው ትምህርታቸውን ትተው ትግሉን ተቀላቀሉ፤ በዚያው ዓመትም ታሰሩ። በፋይዛባድ እስር ቤት 19 ወር ሲቆዩ አብረዋቸው ከታሰሩት አንዱ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ላል ባሃዱር ሻስትሪ ነበሩ። የቤተሰባቸውን ስም አጻጻፍ ለውጠው እንደ ማሕተመ ጋንዲ አድርገው መጻፍ የጀመሩትም በትግሉ ዘመን ነው።

ካማላ በሳንባ ነቀርሳ ታመው በ1936 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሲሞቱ ፌሮዝ ከአጠገባቸው ነበሩ። ከዚያም በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ተማሩ። ኢንድራም በእንግሊዝ አገር ተማሪ ነበሩና ቅርበታቸው ጠነከረ። በማርች 1942 ተጋቡ። አንዷ ሂንዱ፣ አንዱ ፓርሲ በመሆናቸው ጋብቻው በአገሩ ብዙ ተቃውሞ አስነስቶ ነበር። ገና ስድስት ወር ሳይሞላቸው እንግሊዞች ሁለቱንም አሰሯቸው። ራጂቭ በ1944፣ ሳንጃይ በ1946 ተወለዱ።

ከነፃነት በፊትና በኋላ ፌሮዝ ኔህሩ ያቋቋሙት ናሽናል ሄራልድ የተባለ ጋዜጣ ሥራ አስኪያጅ ሆነው በላክናው ሠሩ። ይህ ሥራ ሁለት ነገር አስተማራቸው። አንደኛው የሒሳብ መዝገብ ማንበብ ነው። ሁለተኛው አንድ ጋዜጣ እውነት ቢጽፍም እንኳ በስም ማጥፋት ክስ እንዴት ሊደቆስ እንደሚችል ማወቅ ነው። ሁለቱም በኋላ ጠቀሟቸው።

በ1952 ሕንድ የመጀመሪያውን አጠቃላይ ምርጫ ስታካሂድ ፌሮዝ ራይ ባሬሊ ከተባለው ወረዳ ተመርጠው ሎክ ሳባ ወደሚባለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ። ለሦስት ዓመታት ያህል ብዙም አልተናገሩም። በዲሴምበር 1955 ግን ዝምታቸው አበቃ። በዚያን ጊዜ ራም ኪሻን ዳልሚያ የተባለ ታላቅ ባለሀብት በሚመራው የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ገንዘብ ሲጫወት እንደነበር ፌሮዝ በአኃዝ አስደግፈው ለምክር ቤቱ ዘረዘሩ። ገንዘቡ ለክፉ ቀን ብለው አረቦን የከፈሉ ሰዎች ነው። ዳልሚያ በኋላ ተከስሶ የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። መንግሥትም በጃንዋሪ 1956 የሕይወት ኢንሹራንስ ሥራን በሙሉ ወረሰ። 245 የግል ድርጅቶችን በመጠቅለል በሴፕቴምበር ወር የሕይወት ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽን የተባለው የመንግሥት ድርጅት ሥራ ጀመረ።

በዚህ መሐል ፌሮዝ አንድ ክፍተት አስተውለው ነበር። የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ውስጥ ለተናገረው አይከሰስም። ንግግሩን ያተመው ጋዜጣ ግን ሊከሰስ ይችላል። እንዲህ ከሆነ የፓርላማው ጥያቄና መልስ ከአዳራሹ ግድግዳ አልፎ ለሕዝብ አይደርስም። ስለዚህ እንደ ግል አባል ራሳቸው ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ በ1956 ጸደቀ። ጋዜጦች የፓርላማ ውሎን በተንኮል ሳይሆን በመሠረቱ እውነቱን ጠብቀው ከዘገቡ እንዳይከሰሱ የሚከላከል ሕግ ነው። ሕንዳውያን ጋዜጠኞች የፌሮዝ ጋንዲ ሕግ ይሉት ነበር።

አሁን ወደ ታላቁ ጉዳይ እንመለስ። ለዚህም የሕንድ ፓርላማ ሚኒስትሮችን እንዴት እንደሚጠይቅ ማየት ያስፈልጋል። የምክር ቤቱ ቀን የሚከፈተው በጥያቄ ሰዓት ነበር። አባሉ ጥያቄውን ከቀናት በፊት በጽሑፍ ያስገባል። ኮከብ የተደረገበት ጥያቄ በቃል፣ ኮከብ የሌለው ደግሞ በጽሑፍ ይመለሳል። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በቃል ለተመለሰ ጥያቄ ተከታይ ጥያቄ ማንሳት ይቻላል። የመጀመሪያውን መልስ የሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ያዘጋጁታል፤ ሚኒስትሩ ያነቡታል። ተከታዩን ጥያቄ ግን ማንም አስቀድሞ አያውቀውም። ሚኒስትሩ ሥራቸውን ማወቅ አለማወቃቸው የሚለየው እዚያ ላይ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን እንግሊዞች በ1892 ለሕንድ ምክር ቤቶች ጥያቄ የማቅረብ መብት ሲሰጡ ተከታይ ጥያቄን ከልክለው ነበር። የተፈቀደው በ1909 ነው፤ ያውም ለጠያቂው ብቻ። ቅኝ ገዢዎቹ የትኛው ጥያቄ እንደሚያሰጋቸው ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጁን 1957 የሕይወት ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽኑ ሃሪዳስ ሙንድራ የተባለ የካልካታ ነጋዴ ከያዛቸው ስድስት ኩባንያዎች ከ12 ሚሊዮን ሩፒ በላይ የሚያወጣ አክሲዮን ገዛ። ነጋዴው በዕዳ ተጨንቆ ነበር። ኮርፖሬሽኑ እንዲህ ያለውን ግዢ የሚመረምር የኢንቨስትመንት ኮሚቴ ነበረው። ኮሚቴው አልተጠየቀም።

በሴፕቴምበር ወር ራም ሱባግ ሲንግ የተባሉ ሌላ የኮንግረስ ፓርቲ አባል ጉዳዩን በጥያቄ አነሱት። የተሰጠው መልስ የሚያጠግብ አልነበረም። በኖቬምበር መጨረሻ ጥያቄው እንደገና ቀረበ። በዚህ ጊዜ ፌሮዝም ገቡበት። የገንዘብ ሚኒስትሩ ቲ. ቲ. ክሪሽናማቻሪ በኔህሩ ካቢኔ ውስጥ በአዋቂነታቸው የሚከበሩ ሰው ነበሩ። ጉዳዩን ኮርፖሬሽኑ በራሱ የንግድ አስተያየት የፈጸመው አድርገው አለፉት። መልሱ ከጥያቄው ያነሰ ሆነ። ፌሮዝ ግን አልተጣደፉም። የአክሲዮኖቹን የገበያ ዋጋ፣ የግዢውን ቀንና የተከፈለውን ገንዘብ እያመሳከሩ ማስረጃ አሰባሰቡ። በዲሴምበር 16 ቀን ጉዳዩ ለክርክር ሲቀርብ ኮርፖሬሽኑ አክሲዮኖቹን ከገበያው ዋጋ በላይ እንደገዛ በቁጥር አሳዩ። ስድብ የለም፤ ዘለፋ የለም። ስንት ተገዛ፣ መቼ ተገዛ፣ ማን አዘዘ፤ ይኸው ነው። ድርጅቱን የወለደው ፓርላማው ነውና ፓርላማው የመቆጣጠር ግዴታ አለበት የሚለው የክርክራቸው ማሠሪያ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በ1957 ምርጫ ኮንግረስ ከ494 ወንበሮች 371 አሸንፎ ነበር። ተቃዋሚዎች በቁጥር ጥቂት፣ በሐሳብም የተከፋፈሉ ነበሩ። ገዥው ፓርቲ እንዲህ ባለበት ፓርላማ ውስጥ ጥያቄው ከራሱ አባላት ካልተነሳ በድምፅ ብዛት ተቀብሮ ይቀር ነበር። ፌሮዝ በበኩላቸው ዝም ለማለት ከማንም የበለጠ ምክንያት ነበራቸው። ጥያቄው የሚያሳፍረው የልጆቻቸውን አያት ነው።

ኔህሩ ጉዳዩን ለአንድ ዳኛ ሰጡት። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ኤም. ሲ. ቻግላ በጃንዋሪ 1958 ምርመራውን በአደባባይ አካሄዱ። ሕዝቡ ከመጉረፉ የተነሳ አዳራሹ አልበቃ ብሎ ውጭ የድምፅ ማጉያ ተተከለ። ሚኒስትሩ ግዢውን አልፈቀድኩም ብለው ሲከራከሩ፣ የሚኒስቴሩ ከፍተኛ ሹም የነበሩት ኤች. ኤም. ፓቴል ደግሞ ሚኒስትሩ ያውቁ ነበር አሉ። ቻግላ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ሥራቸውን ጨርሰው በፌብሩዋሪ 10 ቀን ሪፖርታቸውን አቀረቡ። ሚኒስትር ለበታቹ ሹም ሥራ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ኃላፊ ነው፤ ከበታቹ ጀርባ ሊደበቅ አይችልም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ክሪሽናማቻሪ በዚያው ወር ለቀቁ። ኔህሩ መልቀቂያውን የተቀበሉት እየከበዳቸው ነበር። ሙንድራም ታሰረ።

ታሪኩ ግን ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብሎ የሚያበቃ አይደለም። ክሪሽናማቻሪ በ1962 ወደ ካቢኔ ተመለሱ፤ ጥቂት ቆይተውም እንደገና የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ፓቴልም በ1977 በሌላ መንግሥት ያንኑ የገንዘብ ሚኒስትርነት ወንበር ያዙ። የጠፋው ጊዜያዊ ሥልጣን ነው። የቀረው ግን ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የሕንድ ሚኒስትር አላውቅም ነበር ሲል የሚጠቀስበት ምሳሌ ነው።

ፌሮዝ የከፈሉት ዋጋ በቤታቸው ነበር። ኢንድራ ከአባታቸው ጋር በጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ቲን ሙርቲ ሲኖሩ ፌሮዝ ለፓርላማ አባልነታቸው በተሰጣቸው ቤት ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ጽጌረዳ ይተክላሉ፤ አናጺነት ይወዳሉ፤ ልጆቻቸው ሲመጡ መሣሪያ አያያዝ ያስተምሯቸዋል። በፓርላማው ማዕከላዊ አዳራሽ ጋዜጠኞችና አባላት የሚከቧቸው አንድ ጥግ ነበራቸው። በ1958 የልብ ሕመም ጣላቸው። ኢንድራ ከጉዞ ተመልሰው አስታመሟቸው። በ1959 ግን ኢንድራ የፓርቲው ሊቀመንበር ሆነው፣ በኬራላ ግዛት በሕዝብ የተመረጠው የኮሚኒስቶች መንግሥት ሲሻር ፌሮዝ ድርጊቱን ተቃወሙ። በሴፕቴምበር 8 ቀን 1960 ሁለተኛ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው ዴልሂ ውስጥ ሞቱ። 48 ዓመት ሊሞላቸው የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር።

ከእሳቸው ሞት በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። ኢንድራ በ1966 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1967 ደግሞ ባላቸው ከተመረጡበት ከራይ ባሬሊ ተመረጡ። በጁን 1975 የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ወረዳ ያሸነፉበትን ምርጫ ሰረዘ። በዚያው ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በጁላይ ወር ፓርላማው ሲሰበሰብ የጥያቄ ሰዓት ታገደ። በዲሴምበር ደግሞ የፓርላማ ዘገባን የሚከላከለው የ1956ቱ ሕግ ተሻረ። ባል በፓርላማ ታግሎ ያወጣውን ሕግ ሚስት አነሳችው ማለት ነው። ኢንድራ በ1977 ምርጫ በራይ ባሬሊ ሳይቀር ከተሸነፉ በኋላ አዲሱ መንግሥት ሕጉን መለሰው። ቀጥሎም ጥበቃው እንደገና በቀላሉ እንዳይሻር በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተጠናከረ።

ከፌሮዝ ጋንዲ ሕይወት የምንማረው ሦስት ነገር ይመስለኛል። ሚኒስትርን ለመጠየቅ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል መሆን ግድ አይደለም፤ የመረጠን ሕዝብ ማስታወስ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ጥያቄ ኃይል የሚኖረው ተከታይ ሲኖረው ነው፤ በመጀመሪያው መልስ ረክቶ የሚቀመጥ ጠያቂ ሚኒስትሩን ወረቀት እንዲያነቡ ጋበዛቸው እንጂ አልጠየቃቸውም። ሦስተኛ፣ በአዳራሹ የተነገረው ወደ ሕዝብ ጆሮ ካልደረሰ አልተነገረም። የፌሮዝን ሦስት ዓመት ዝምታ፣ ከዚያም ያመሳከሩትን የሒሳብ መዝገብ ስናስብ ደግሞ አንድ እውነት ይታያል፤ ሚኒስትሩን ከወንበራቸው ያስነሳው የድምፅ ጩኸት ሳይሆን በትክክል የተደመረ ሒሳብ ነበር።