ስሙ የጠፋ ሰው

ዛሬ ስለ አንድ ሰው ላጫውታችሁ ነው። ስሙ ካሲዮዶሮ ዴ ሬይና ይባላል። ስፓኒሽ የሚናገሩ ወንጌላውያን በደንብ ያውቁታል፤ እኔ ግን እስከ አምና ድረስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከምሠራበት ቤት ፊት ለፊት ከደቡብ አሜሪካ መጥታ እዚህ ያገባች ሴት አለች። ልብስ ሳሰጣ በረንዳ ለበረንዳ ሆነን በተሰባበረ አረብኛ እናወራለን። አንድ ቀን መጽሐፍ ቅዱሷን አሳየችኝ። ሽፋኑ ላይ ሬይና ቫሌራ የሚል ተጽፏል። እኔ የሷ ስም መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሁለት ተርጓሚዎች ስም ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሬይና እየጠየቅኩም እያነበብኩም ያገኘሁትን ነው የምነግራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሬይና በ1520 ገደማ ስፔን ውስጥ ተወለደ። መነኩሴ ሆኖ ከሴቪያ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በሳን ኢሲዶሮ ደል ካምፖ ገዳም ይኖር ነበር። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ቅዱስን በሕዝቡ ቋንቋ ማንበብ ክልክል ነበር። ሁልያን ኤርናንዴስ የሚባል አንድ ቁመተ አጭር ሰው ግን ውጭ አገር የታተመ የስፓኒሽ አዲስ ኪዳን ደብቆ ሴቪያ አስገባ። መነኮሳቱም አነበቡት። ሰው የሚድነው በሥራው ሳይሆን በጸጋ፣ በእምነት ነው የሚለው ትምህርት ልባቸውን ያዘው። ኢንኩዊዚሲዮን የሚባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት ይህን የሚያምነውን ሁሉ፣ ሉተርን በዓይኑ ያላየውንም ጭምር፣ ሉተራዊ እያለ ይከስ ነበር። ሁልያን በ1557 ተያዘ፤ በ1560 በእሳት ተቃጠለ። ሬይናና አሥራ ሁለት ያህል መነኮሳት ግን በ1557 ከአገር አመለጡ።

መጀመሪያ የደረሰው ጄኔቭ ነው። እዚያም ልቡ አላረፈም። ከአራት ዓመት በፊት ሰርቬቶ የሚባል ስፔናዊ በትምህርቱ ምክንያት በዚያችው ከተማ ተቃጥሎ ነበርና፣ ሬይና በእምነት ሰበብ ሰው መግደልን ተቃወመ። ይህም ጠላት አፈራበት። ከዚያ ለንደን ሄዶ የስፔን ስደተኞች ጉባኤ እረኛ ሆነ። በ1562 ሴቪያ ላይ ምስሉን ሠርተው አቃጠሉት። ሥጋውን ስላላገኙ ነው።

ከእሳቱ የባሰው ግን ስም ማጥፋቱ ነው። በ1563 ለንደን ላይ በእምነቱም በጠባዩም ከባድ ክስ ተነሳበት። ከከሳሾቹ መካከል እንደሱ ስደተኛ የሆኑ ወንድሞች ነበሩበት። የስፔን ንጉሥ ሰላዮችም ይከታተሉት ነበር። ስለዚህ ጉባኤውን ጥሎ ወደ አንትወርፕ ሸሸ።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ አለቀስኩ። አንዳንዶቻችሁ ታሪኬን ታውቃላችሁ። በመጀመሪያው ቤቴ የወርቅ አምባር ጠፋና እኔ ወሰድሽ ተባልኩ። ሻንጣዬን ፍራሼን ሁሉ ፈተሹ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አምባሩ በማዳም የእጅ ቦርሳ ውስጥ ተገኘ፤ አንድም ሰው ግን ይቅርታ አላለኝም። ወሬው ቀድሞኝ ስለተሰማ ከአገሬ ልጆች እንኳ የራቁኝ ነበሩ። የጠፋ ወርቅ ይገኛል፤ የጠፋ ስም ግን ማን ይመልሰዋል?

ሬይና ምን አደረገ? ከከተማ ከተማ ሲሳደድ የጀመረውን ትርጉም አልጣለም። በ1567 ባዝል ወደምትባለው የስዊስ ከተማ መጣ። ለአታሚ ቀብድ ከፈለ፤ አታሚው ዕዳ እንደተቆለለበት ሞተ። እሱም በጠና ታመመ። በኋላ አንድ ወዳጁ ገንዘብ አበደረውና በመስከረም 1569 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ2,600 ቅጂ ታተመ። ሥራው አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ሽፋኑ ላይ ማር የሚፈልግ ድብ ስላለበት የድቡ መጽሐፍ ቅዱስ ይባላል። የተርጓሚው ስም ግን ሽፋኑ ላይ የለም፤ በመግቢያው መጨረሻ ሁለት ፊደል ብቻ አለች። የእኛው ኦኔሲሞስ ነሲብም በስደት ሆኖ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከመበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 የታተመው እዚያው ባዝል አጠገብ፣ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ቦታ ነው። ይህን ሳውቅ ገረመኝ።

ከዚያ በኋላ ሬይና ፍራንክፈርት ገብቶ በ1571 የከተማው ዜጋ ሆነ። ሐር እየነገደ ቤተሰቡን አስተዳደረ። አንትወርፕ ያሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሉተራውያን እረኛ ሁነን ሲሉት የድሮው ክስ ተከትሎት መጣ። እሱም አልሸሸም። በገዛ እግሩ ለንደን ተመልሶ ፍርድ ፊት ቆመና ነጻ ተባለ። ከሸሸ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ስፔን ሳለ ሉተራዊ ነህ ብለው ሊያቃጥሉት የፈለጉት ሰው፣ በእርጅናው በእውነት የሉተራውያን አገልጋይ ሆነ።

በ1585 አንትወርፕ በስፔን ጦር ተያዘች። ሬይናም ከምእመናኑ ጋር እንደገና ተሰደደ። ፍራንክፈርት ላይም በዚያው ዓመት ለተቸገሩ ስደተኞች የመረዳጃ ሣጥን ተቋቋመ። እኛ የታመመችውንና የመሳፈሪያ ያጣችውን ለመርዳት በየወሩ እንደምናዋጣው ማለት ነው። ሬይና በመጋቢት 1594 እዚያው አረፈ። ስፔንን ዳግመኛ አላያትም።

ከዚያው ገዳም የሸሸው ሲፕሪያኖ ዴ ቫሌራ ትርጉሙን አርሞ በ1602 አምስተርዳም ላይ አሳተመው። ለብዙ ዘመን መጽሐፉ በቫሌራ ስም ብቻ ሲጠራ ኖረ። ዛሬ ግን ከማድሪድ እስከ ሜክሲኮና አርጀንቲና ሉተራውያንም ሌሎች ወንጌላውያንም ሬይና ቫሌራ እያሉ ያነቡታል። የሬይና ስም ቀድሞ ተቀመጠ።

እህቴ፣ ያላደረግሽውን አድርገሻል የተባልሽ ካለሽ፣ ይህን የጻፍኩት ላንቺ ነው። ስምሽን ለማስመለስ ስትሯሯጪ እጅሽ ላይ ያለውን ሥራ እንዳትጥይው። የምትማሪውን ተማሪ፣ የምታሳድጊውን ልጅ አሳድጊ። የምትጠየቂበት ቀን ሲመጣም እንደሱ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። እኛ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ስለ እህታችን የሰማነውን ወሬ እሷን ሳንጠይቅ ለሌላ አናቀብል። ሬይናን ከስፔን ያሳደዱት ባለሥልጣኖች ናቸው፤ ከለንደን ያሳደዱት ግን የገዛ ወንድሞቹ ጭምር ናቸው።

ሰላም ሁኑልኝ።
እህታችሁ