ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ የእንዶድን ምስጢር በሕክምና መጽሔት ያሰፈሩ ተመራማሪ

ኢትዮጵያውያን እናቶች ለዘመናት ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩትን እንዶድ ከሕክምና ሳይንስ ጋር ያስተዋወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተው ወደ አገራቸው በመመለስ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በምርምር ሥራ ተሰማሩ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1950 በአራዳ፣ አራት ኪሎ ከተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያደገ ነው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ የቢልሃርዚያን ሥርጭት ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በሚገኘው ወንዝ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የበሽታው ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ሲሞክሩትም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ይሁንና በወንዝ ዳር የታየ ነገር በጽሑፍ ሰፍሮ በሌሎች ባለሙያዎች እስካልተመረመረ ድረስ ማስረጃ አይሆንም። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን አጭር ሪፖርታቸውን ያወጡት ገና በሦስተኛ ዓመቱ ላይ በነበረው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ነበር። በቀጣዩ ዓመት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የቤተ ሙከራና የመስክ ውጤታቸው በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን ታተመ። በአድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱን የጥናቱ ውጤት አመልክቷል።

ውጤቱ ቢታተምም ሥራ ላይ ለመዋል ግን አልታደለም። ዓለም አቀፍ ተቋማት የእንዶድ የመርዛማነት ምርመራ በበለጸጉት አገሮች መመዘኛ እንዲከናወን ጠየቁ። ምርመራው በታዳጊ አገር ቤተ ሙከራ አቅም የማይሸፈን ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ ዓመታት አለፉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ድሃ አገሮች ቀንድ አውጣን ለማጥፋት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ኬሚካል ከመጠቀም ውጪ ሰፊ አማራጭ አልነበራቸውም።

ዶክተር አክሊሉ ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ጥረታቸውን ቀጥለው እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሕይወታቸው ሲያልፍ ግን እንዶድ እርሳቸው በተመኙት ስፋት ሥራ ላይ አልዋለም ነበር፤ በሽታውን የመቆጣጠሩ ሥራም በዋናነት በሚዋጥ መድኃኒት ላይ ያተኮረ ሆኗል።

የመሠረቱት ተቋም በኋላ አክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ተሰይሞ ነበር። የሕይወት ታሪካቸው እንደሚያስገነዝበው የአገር ውስጥ ግኝት ለሕዝብ ጥቅም እንዲበቃ የተመራማሪ ትጋት ብቻውን አይበቃም፤ ውጤቱን የሚያትም መጽሔት፣ የሚያረጋግጥ ቤተ ሙከራና በወቅቱ የሚመደብ በጀት ያስፈልጋል።