ምግብ መሸጥ ነውር በነበረበት ዘመን፦ እቴጌ ጣይቱና ሆቴላቸው

ባለፈው ስብሰባችን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡና ጠላ ጠምቀው የሚተዳደሩ እህቶቻችን ያነሱት ችግር አንድ ዓይነት ነበር። ለጎረቤትና ለዘመድ ዋጋ መጥራት ያሳፍራል። በዱቤ የወጣው ሳይመለስ የጤፍ መግዣው ያልቃል፤ ሥራውም ይቆማል። ስለዚህ በዚህ እትም የእቴጌ ጣይቱ ብጡልን ሕይወት ልናወሳ ወደድን።

ጣይቱ ለእኛ ለጎጃሞች ሩቅ አይደሉም። በልጅነታቸው እናታቸው ደብረ መዊ ሲኖሩ እሳቸውም እዚያው ተምረዋል። ብዙ ሴቶች ፊደል በማይቆጥሩበት ዘመን ማንበብና መጻፍ ችለዋል፤ በገናም ይደረድሩ ነበር። በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን አገቡ። በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት ሆኑ። በ1888 ዓ.ም. ደግሞ አድዋ ዘመቱ።

ከድሉ 10 ዓመት ያህል ቆይቶ እቴጌ ሆቴል ተከፈተ። ከተማዋ እየሰፋች፣ እንግዳውም እየበዛ ነበር። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ምግብ ለእንግዳ ይቀርባል እንጂ መሸጡ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ መጀመሪያ ላይ ከፍሎ የሚበላ ጠፋ። እንደሚነገረው ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በሉ፤ ሂሳቡንም ከፈሉ፤ ሌላውም በተራው እየከፈለ እንዲበላ አሳሰቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ ሚስታቸው ቤት ሲከፍሉ ያየ ሰው ማፈሩን ተወ። በነጻ በልተው ቢወጡ ኖሮ ሆቴሉ ግብር ቤት ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁሉም ግን አልሰመረላቸውም። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን፣ የውጭ ሰዎች የሚያስተዳድሩትን የአቢሲኒያ ባንክ የሚፎካከር፣ ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ የሚሆን የኢትዮጵያውያን ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ የባንኩን ያህል ሥር አልሰደደም። በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ፤ በ1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ አረፉ። ሆቴሉ ስማቸውን ይዞ ፒያሳ ላይ ዛሬም አለ።

እኛ ከፍሎ የሚያስከፍልልን ንጉሥ የለንም፤ እርስ በርሳችን ግን አለን። ስለዚህ ከእህታችን ቤት እንጀራ ስንወስድ ከፍለን ልንወስድ፣ ዝምድናችንን ደግሞ በቡናው ላይ ልናሳይ ተስማምተናል። የምትረዱን ወዳጆቻችንም ደብረ ማርቆስ ብቅ ስትሉ ደንበኞቻችን ሁኑ፤ ዋጋውንም እንደማንኛውም ገዢ ጠይቁን።