በዓሉ ግርማ

በዓሉ ግርማ (በ1931 ዓ.ም. የተወለደ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. የጠፋ) ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛና የልብ ወለድ ደራሲ ነበር። ስድስት ልብ ወለዶችን ያሳተመ ሲሆን፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚታወቀው የስለላ፣ የሴራና የፍቅር ታሪክ በሆነው የመጨረሻ ሥራው «ኦሮማይ» ነው። መጽሐፉ ሥራውን አሳጥቶታል፤ ብዙዎች እንደሚያምኑት ደግሞ ሕይወቱንም።

ልደትና ትምህርት

በዓሉ የተወለደው በቀድሞው ኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት፣ ሱጴ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ለንግድ የመጣ ሕንዳዊ፣ እናቱ የአካባቢው ተወላጅ ነበረች። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበወርቅ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በጄኔራል ዊንጌት ተምሯል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ ካጠና በኋላ አሜሪካ ሄዶ ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ።

በጋዜጠኝነት

«መነን» መጽሔትን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ን፣ «ኢትዮጵያን ሄራልድ»ንና «አዲስ ዘመን»ን በተለያየ ጊዜ በአዘጋጅነት መርቷል። ከአብዮቱ በኋላ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ከፍተኛ ኃላፊነት ደረሰ። ይህ ቦታ ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ የሚያደርስ ሹም አደረገው፤ በሌላ በኩል ሌላ ደራሲ ሊገባበት የማይችለውን ጓዳ አሳየው።

የቀድሞ ልብ ወለዶቹ

የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ከአድማስ ባሻገር» በ1962 ዓ.ም. ወጣ። የተማረው ትውልድ በአዲስ አበባ የሚኖረውን ኑሮ፣ ፍላጎቱንና ባዶነቱን የሚያሳይ ሲሆን እስከ ዛሬ ከሚነበቡ የአማርኛ መጻሕፍት አንዱ ነው። «የህሊና ደወል» ተከተለ፤ ከዚያ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ና «ደራሲው» መጡ። የ«ደራሲው» ዋና ገጸ ባሕርይ የተቀዳው ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። «ሀዲስ» አንባቢውን ወደ ደራሲው የትውልድ አገር ወደ ሱጴ ይመልሰዋል።

በዓሉ ገጸ ባሕርያቱን በአካባቢው ከሚያውቃቸው ሰዎች መቅዳት ይወድ ነበር። ስብሐትን በዚህ መንገድ መሳል አደጋ አልነበረውም። የጦር አዛዦችንና የፓርቲ ሰዎችን መሳል ግን ሌላ ጉዳይ ነበር።

ኦሮማይ

በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት በኤርትራ «የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ»ን አወጀ። ዋናው ዓላማ የሻዕቢያን ምሽግ ናቅፋን መያዝ ነበር። በዓሉ በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ተሰማርቶ አስመራ ከረመ። ናቅፋ አልተያዘችም። እሱ ግን ልብ ወለድ ይዞ ተመለሰ።

የታሪኩ ተራኪ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም እንደ ደራሲው ሁሉ ለዘመቻው ወደ አስመራ የተላከ ጋዜጠኛ ነው። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ይሄድና አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ከተማዋ ቀን የስብሰባና የመፈክር፣ ማታ የመጠጥ ቤትና የሹክሹክታ ናት። በየቢሮው ሰርጎ ገብ አለ፤ የደኅንነቱ ሰዎች የሻዕቢያን ስውር መረብ ሲያድኑ መረቡም እነሱን ያድናል። ማን ለማን እንደሚሠራ አንባቢው እስከ መጨረሻው አያውቅም። ርዕሱ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰዎች አፍ የገባ ቃል ሲሆን «አበቃ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም» እንደ ማለት ነው።

የወንጀል ልብ ወለድ የሚወድ አንባቢ የመጽሐፉን አካሄድ ከሌላ ቦታ ያውቀዋል። አሜሪካዊው ደብሊው. አር. በርኔት በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ አስፋልት ጀንግል» የተባለ የዝርፊያ ታሪክ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸው ሰዎች ተሰብስበው እንከን የለሽ የመሰለ ዕቅድ ያወጣሉ፤ ዕቅዱ በሰዎቹ ድካምና በአጋጣሚ ይፈርሳል፤ ሁሉም ዋጋ ይከፍላል። በዓሉ በርኔትን ማንበብ አላስፈለገውም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው የመጡ ባለሥልጣናት፣ በወረቀት ላይ ያለቀ ድልና ዳገት ላይ የሚወድቁ ወታደሮች ነበሩለት። ልዩነቱ እዚህ የሚዘረፍ የጌጣጌጥ መደብር አለመኖሩ ነው፤ የታለመው ተራራ፣ የጠፋውም የሰው ልጅ ነው።

መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። የመንግሥት ማተሚያ የመንግሥትን ሽንፈት የሚተርክ መጽሐፍ ማውጣቱ ዛሬም ያስገርማል። ስማቸው የተለወጠ ሹማምንት ማን ማን እንደሆኑ ግን ለዋና ከተማው አንባቢ ምሥጢር አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ኦሮማይ ከየመደብሩ ተሰበሰበ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ። ከመሰብሰቡ በፊት የተሸጡት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ይዞሩ ጀመር።

መጥፋቱ

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች፤ እሱ ግን አልተገኘም። የደርግ ደኅንነት ወስዶ ገድሎታል የሚለው እምነት ሰፊ ነው። አስከሬኑ የት እንዳለ አልታወቀም፤ በግድያውም በስም ተጠርቶ የተፈረደበት ሰው የለም። ሲጠፋ ዕድሜው በአርባዎቹ አጋማሽ ነበር።

ከዚያ በኋላ

ከደርግ ውድቀት በኋላ ኦሮማይ በይፋ በድጋሚ እየታተመ ይሸጥ ጀመር። ደራሲ እንዳለጌታ ከበደ በሕይወቱና በሥራዎቹ ላይ ሰፊ መጽሐፍ ጽፏል። በስሙም ፋውንዴሽን ተቋቁሟል። በ2025 እ.ኤ.አ. ኦሮማይ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተተርጉሞ በእንግሊዝኛ ወጣ፤ ከታተመ አርባ ዓመት አልፎት ነበር።