አልፍሬድ ኢልግ

አልፍሬድ ኢልግ (ማርች 30 ቀን 1854 – ጃንዩዌሪ 7 ቀን 1916 እ.ኤ.አ.) የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ፣ የዳግማዊ ምኒልክ አማካሪና የኢትዮጵያን ፖስታ ለማቋቋም ከደከሙት ሰዎች ዋነኛው ነበሩ። በኢትዮጵያ «ሙሴ ኢልግ» በሚለው ስም ይታወቃሉ።

ወደ ኢትዮጵያ መምጣት

ኢልግ ፍራውንፌልድ ከተማ ተወልደው በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምህንድስና ተማሩ። በዚያ ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ከአውሮፓ ባለሙያ ይፈልጉ ስለነበር፣ ኢልግ ከሁለት የአገራቸው የእጅ ባለሙያዎች ጋር በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። ከሠሯቸው ሥራዎች መካከል የአዋሽ ድልድይና ከእንጦጦ ተራራ ወደ ቤተ መንግሥቱ የተዘረጋው የውኃ ቧንቧ ይገኙበታል።

የፖስታ ሥራ

ቀድሞ ከጎንደርም ሆነ ከሐረር ደብዳቤ የሚላከው በመልእክተኛ ወይም በሲራራ ነጋዴ እጅ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም አዘዙ። በዚያው ቀን የባቡር ሐዲድ የመሥራት ፈቃድ ለኢልግ ተሰጠ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ ከሩብ እስከ 16 ገርሽ ሰባት ዓይነት ሲሆኑ፣ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ ነበረ።

ሆኖም እነዚህ ቴምብሮች ከአገር ውጭ አያገለግሉም ነበር። ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ጅቡቲ ሲደርስ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። ኢትዮጵያ መቀመጫው በርን በሆነው የዓለም የፖስታ ኅብረት ለመግባት ብትጠይቅም፣ ጣልያን የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ይዛ ተቃወመች። ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትገናኘው በእኔ በኩል ብቻ ነው የሚል ክርክር ነበራት። ስለዚህ የቴምብር ጉዳይ የነጻነት ጉዳይ ሆነ።

ከዓድዋ በኋላ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ከተገኘ በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌ ውል ፈረሰ። በዚያው ዓመት ኢልግ የመንግሥት አማካሪ ሆነው ተሾሙ፤ የውጭ ጉዳይ ሥራም ያከናውኑ ነበር።

ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም. ነው። ኢልግ በዚያ ጊዜ ሥራቸውን ለቀው ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። ያረፉት ዙሪክ ሲሆን፣ ፈቃዱን የተቀበሉለት ባቡር አዲስ አበባ የገባው እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው።